ዘጠኝ ከአስር የበለጠበት ስብሰባ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእታገኝ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የጠመኔው ብናኝ የሚቀሰቅስብሽ ሳልስ? የእናታችንስ ዓይን? እኔ ከአቦቦ ሙቀት በቀር ደህና ነኝ፤ ይመስገነው። ደህና ማለቴ ግን ለአካሌ ነው፤ ራሴንስ ተጸይፌዋለሁ።

በጤና ጣቢያችን የልጆችን የክትባት ቀጠሮ የምንመዘግበው በታብሌት ነው። ፕሮግራሙን የሚከታተለው ባልደረባዬ ጃል ነበር፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ፕሮግራሙ የልጆችን ስም እየዋጠ ሲያስቸግር ቨርዥን የሚሉትን፣ የታረመውን አዲስ እትም ጫነበት። የቀድሞው ቁጥር 2.9 ነበር፤ አዲሱ 2.10። አለቃችን አቶ ወንዳፈረው ይህን ሲያይ «ወደ ኋላ መለሰን» ብሎ ስብሰባ ጠራ።

እዚያ ላይ ነው ወንድምሽ እጁን ያወጣው። አንቺ ያስተማርሽኝን አስርዮሽ አነሳሁና ዘጠኝ አስረኛ ከአስር መቶኛ እንደሚበልጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳሁ። አጨበጨቡልኝ። ጃል ሊናገር ቢነሳ ሒሳቡ ተሠርቷል ተብሎ ተቀመጠ። 2.9 እንዲመለስ፣ ጃልም ወደ ሩቅ ጤና ኬላ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ሚስቱ ኛማል ልትወልድ ወር የቀራት ናት። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ።

2.9 ሲመለስ ስም መዋጡም አብሮ ተመለሰ። ልጅ አዝለው ሁለት ሰዓት በእግራቸው የመጡ እናቶችን ስማችሁ የለም ብዬ የሸኘኋቸው እኔው ነኝ።

ግራ ቢገባኝ ጃል ቤት ሄድኩ። ሳይቆጣ «ነጥቡ የአስርዮሽ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ከምዕራፍ ሁለት ቁጥር ዘጠኝ ቀጥሎ ስንት ይመጣል?» አለኝ። አስር አልኩትና አንገቴን ደፋሁ። ለካ የፊተኛው ቁጥር ለትልቅ ለውጥ፣ የኋለኛው ለትንሽ እርማት አንድ አንድ እያለ የሚጨምር ነው። ዳዊት ሳልደግም የማልውል ሰው ይህ ጠፋኝ።

ለአቶ ወንዳፈረው ብነግረው እንደገባው፣ ነገር ግን የተፈረመ ቃለ ጉባኤ እንደማይቀደድ ነገረኝ። ተጸየፍኩት። የባሰ የተጸየፍኩት ግን ያ ጭብጨባ ጥሞኝ የነበረውን ራሴን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅመው ጃል ሆነ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ስህተቴን ጽፌ፣ ወደ ኬላው የሚሄድ ካለም እኔ ልሂድ ብዬ ፈርሜ፣ አንዱን ለወረዳው ሰጠሁ፤ ሌላውን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጆችሽን ዕዝራንና አቢጋኤልን እቀፊልኝ፤ ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ። ጃልም ሰላም ብሎሻል። «በደንብ አስተምራሃለች፤ የቀረህ እኔን መጠየቅ ብቻ ነበር በላት» አለኝ።

ወንድምሽ ሩፋኤል
አቦቦ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.