ድምፅ የማያሰማው ፍሬን

ወንድሜ ኢኒያን፣ እንዴት አደርክ? ዛሬ ለአለቃህ ልጽፍለት ነው። አንተ ሦስት ጊዜ ጽፈህለት መልስ አላገኘህም፤ እኔ ተቀጣሪው ስላልሆንኩ ምናልባት ያነብልኝ ይሆናል። በትሕትና እጽፋለሁ፣ አትስጋ።

ለተከበሩ አቶ ጉናሴካራን፣
የኤሌክትሪክ ስኩተር ፋብሪካ መሥራችና ባለቤት፣
ኮይምባቶር

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የፋብሪካው ጥራት የሚለካው በእርሱ ነውና። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ስኩተርዎን ሲሞክር የሞተው የፍሬን መሐንዲስ ታናሽ ወንድም ነኝ። ስለላኩልን የአበባ ጉንጉን ቤተሰባችን ያመሰግናል። አንድ የጠወለገ ቅጠል እንኳ አልነበረበትም፤ ራስዎ እንደመረጡት ያስታውቃል።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። በየዓርቡ ግቢው ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው ተቀምጠው፣ ስኩተሩ አጠገብዎ መጥቶ ሲቆም ያዳምጡ እንደነበር ወንድሜ እያደነቀ ይነግረን ነበር። ፍሬኑ ሲጥ ካለ፣ «ይሄ ስኩተር ነው ወይስ የሚታረድ አሳማ? መልሱት!» ይላሉ። ዘጠኝ ጊዜ አስመልሰዋል። ቀለሙና የመቀመጫው ስፌት ያን ያህል ያማረው በእርስዎ ቁጣ መሆኑን እኔም አልክድም።

ሁለተኛ፣ በአሥረኛው ዓርብ ምንም ሳይሰሙ ቀሩና አጨበጨቡ። ፍሬኑ ያልጮኸው፣ ጎማውን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ በለስላሳ ስለተለወጠ ነው። የለወጠው ወንድሜ ራሱ ነው፤ ሌላ የዓርብ ቁጣዎን መቋቋም አልቻለም ነበር። ለስላሳው ሸራ ግን ሲረጥብ አይዝም። ይህንን ጽፎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቀርብልዎ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ኢኒያን፣ ዝናብ ከፈራህ ጃንጥላ ልግዛልህ?» አሉት። የዚያን ዕለት ቤት ገብቶ፣ «አንተ ጩጬ፣ ሁሉም ሳቁብኝ እኮ» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እኔም አብሬ ሳቅኩ» አለ።

ሦስተኛ፣ እውነቱን ሊያሳይዎ በስኩተሩ የሰፈራችንን ቁልቁለት በዝናብ ወረደ። ፍሬኑ እንደ ትእዛዝዎ ምንም ድምፅ አላሰማም።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ልመና ብቻ ነው ያለኝ። ስኩተሩ ለዲፓቫሊ በዓል ሰኞ ገበያ ይወጣል፤ ሸራው ግን ያው ነው። ጎረቤታችን ነርስ ሴልቪ ልትገዛው ተመዝግባ እየጠበቀች ነው፤ ወደ ሥራ የምትወርደውም በዚያው ቁልቁለት ነው። እባክዎ የሚጮኸውን ሸራ ይመልሱ። ለጆሮዎ ምቾት ማጣት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣ አንድም ጉድለት በማያመልጥዎ ዓርብ ሁሉ የማስብዎ፣
ሙጊላን፣ የኢኒያን ወንድም

ማስታወሻ፦ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። ብቻዬን በሆንኩበት በመጀመሪያው ጠዋት የእሱን አሮጌ ብስክሌት አወጣሁ። ዘይት ያየ አይመስልም። እየዘነበ ነበር። መታጠፊያው ላይ አውቶቡስ ድንገት ገባብኝና ፍሬኑን ጨበጥኩት። መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ ጮኸ።

ቆምኩ።