የአሮጌው ቦርድ ኃላፊ

ሰኞ
ሌንሳ ዛሬም መጣች። ከልጄ ከናቲ ጋር አንድ ቢሮ ይሠሩ ነበር። የእሱን ኮምፒውተር ፈልጋ ነው። አልሰጥም አልኩ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ክዳኑን የከፈተው የለም፤ አቧራውን ብቻ እጠርጋለሁ።

«እትዬ አስቴር፣ መቂ ያሉት የውሃ ፓምፖች ላይ አዲስ ከርነል ልንጭን ነው። ያስቡበት» ብላኝ ሄደች።

ማክሰኞ
ደከመኝ። ምሳም አላበሰልኩ። ናቲ እራት ላይ የሚያወራው ትዝ ይለኛል። ከርነል የመሣሪያው ዋና ፕሮግራም ነው። ፓምፖቹን የሚያዙት ትናንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች አሮጌም አዲስም አሉ። እያንዳንዱ ዓይነት ከከርነሉ ምን ተካቶ ምን እንደሚቀር የሚወስን የራሱ መነሻ ፋይል አለው። «የአንዱን ለሌላው ከሰጠሽው አይነሳም፣ እማ» ይለኝ ነበር። እኔ «ብላ፣ ቀዘቀዘ» እለዋለሁ።

ረቡዕ
ሌንሳ ከመቂ ደወለች። ቸኩላ የአዲሱን ቦርድ ፋይል ለአሮጌው ሰጥታው አልነሳም። ከኋላዋ አንድ ገበሬ ይጮሃል፦ «ሽንኩርቴ ቆሞ ተቀቀለ! ኑና በባልዲ አጠጡልኝ!» ሳቅኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ስቄ አላውቅም።

ናቲ የአሮጌውን ፋይል ሲያርም ነው የታመመው። እርማቱ ያለው እዚህ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ነይ አልኳት።

ሐሙስ
ከፈተችው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲጮህ ልጄ ክፍሉ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ፋይሉን አገኘችና ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። ፋይሉ ላይ ለዚያ ቦርድ ኃላፊ ተብሎ የተጻፈው የናቲ ስም ነው። አሳየችኝ።

«ይሄን መቀየር ይኖርብኛል» አለች ቀስ ብላ።
«ለምን ሲባል?»
«ሲበላሽ ሰዎች የሚጽፉት እዚህ ስሙ ላለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ…»

ጓሮ ወጥቼ የታጠበ ልብስ ደግሜ አጠብኩ።

ዓርብ
ፓምፑ ተነሳ። የውሃውን ድምፅ በስልክ አሰማችኝ። ገበሬው ስልኩን ተቀብሎ «የናቲ እናት፣ ገለቶማ፣ ምስጋና ይድረስዎት! ከባልዲ ተገላገልን» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ ጊዜ ቢቆምብኝስ? እሱ ጋ ነበር የምደውለው።»

«ሌንሳ ጋ ይደውሉ» አልኩት። አፌ ቀደመኝ።

ሌንሳ ሰምታለች። «እንግዲያው የኃላፊውን ስም ልቀይረው?»
«ቀይሪው ልጄ።»
«መጀመሪያ የሠራው የሚለው ላይ ግን ስሙ ይቆያል። እሱ አይነካም።»

ይህን አልጠየቅኳትም ነበር።

ደግ አድርጌ እንደሆነ እንጃ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ክዳኑን ዛሬ አልዘጋሁትም።