ሐጎስ ወፍጮ ቤት አልሠራም

ሐጎሴ፣ የልቤ ሰው፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ሞላ።

እኛ ደኅና ነን። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፍኜዋለሁ። ያቺ አመለኛ በቅሎህ አንተን ብቻ ትራገጥ ነበር፤ አሁን ወደ እኔ ዞራለች።

መቼም እዚህ መቀሌ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ባሌ አስመራ ባቡር ላይ ይሠራል ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ፣ ታድለሽ፣ ዱቄት አይቸግርሽም ሲለኝ ኖረ። ስትመጣ በሐዲድ የሚሄደውን ባቡር እንደምትነዳ ብታስረዳቸው ምን ነበረበት? አንተ ግን ቀልዱ ጥሞህ ዝም አልክ። በቀብርህ ዕለት አልቃሿ «የአገሩን እህል ዱቄት ያደረገው» ብላ ሙሾ ስታወርድልህ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቄን አፈንኩት። ሰዉ ሐዘን የጠናብኝ መስሎት ደግፎ ያዘኝ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ከነከነኝ። እናትህ አደይ ለተ እንኳ ልጃቸው ወፍጮ ሲያዞር እንደኖረ ነው የሚያውቁት። እዚህ ሥራህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ከሞትኩ ማን ሊያውቅህ ነው?

ስለዚህ በሙት ዓመትህ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ጠላውን ሲጠጣ፣ ብድግ ብዬ ተናገርኩ። አለቆችህ እንግሊዞቹ ሳያዩ ከጎንህ አስቀምጠህ ከአስመራ ቁልቁል ያወረድከኝን ቀን ነገርኳቸው። ከፊት ሲያዩት ሐዲዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር። እኔ ታቦት ሁሉ ስጠራ አንተ ፍሬኑን ይዘህ ትስቃለህ። ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቷል። ዝንጀሮዎቹ ከሐዲዱ አንነሣም ሲሉ ፊሽካውን ነፋህና፣ ሲበተኑ ቆብህን አንሥተህ እጅ ነሣሃቸው።

አጎትህ ደመና ከሰው በታች አይውልም ብለው ተከራከሩኝ፤ ይቺ ወሎዬ ጨዋታ ታውቃለች አሉ። አደይ ለተ ግን ሲያዳምጡ ቆይተው እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ ውሰጂኝ» አሉ። «እሱ የተቀመጠበት ልቀመጥ።»

ዓይናቸው ከጠፋ መቆየቱን ታውቃለህ። ቢሆንም ከፋሲካ በኋላ በጭነት መኪና አስመራ ይዣቸው እሄዳለሁ። ያ እንዳንተው ባቡር ነጂ፣ ማኪኒስታው ባልንጀራህ፣ ከፊት አስቀምጣችኋለሁ ብሎ ልኮብኛል። በየመታጠፊያው አንተ ታየው የነበረውን በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። እኔም በሕይወት እስካለሁ አንተን ማውራት አልተውም።

ደስ ይበልህ ሐጎሴ፤ እናትህ ልጃቸውን ሥራው ላይ ሊያዩት ነው።