ቀድማኝ ሄዳለች

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙልን? ያ ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ መንቋቋቱን ተወ ወይስ አሁንም ጎረቤት ድረስ ይሰማል? እኛ በአካል ደህና ነን። እግራችን ውኃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ ደርቆ አሁን የጫማ ሶል መስሏል። ወንድምዎ ከስቷል፤ ቀበቶው ሰፍቶት በቢላ አዲስ ቀዳዳ አበጅቶለታል። ፊቱ ግን ፀሐይ መትቶት አምሮበታል። ቢያዩት “ይሄ ጎረምሳ የማን ነው?” ይሉ ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ መንገዳችን በሚያቋርጣት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ካልሲዎቻችን ማሽኑ ውስጥ ይሽከረከራሉ። እሱ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻንጣዎቹን ይጠብቃል፤ በመስታወቱ ይታየኛል።

ስንነሳ “በስተርጅና ቤታችሁን ጀርባችሁ ላይ ጭናችሁ የምትዞሩት ቀንድ አውጣ ናችሁ?” ብለውን ስንት ሳቅን! ግን እርስዎም ምክንያቱን ያውቁታል። ወንድምዎ ያን ምስኪን ደንበኛ ግማሽ ጢሙን ላጭቶት፣ ረስቶት ፀጉር ቤቱን ከውጭ ቆልፎበት ምሳውን ሊበላ ቤት የመጣ ጊዜ፣ ሰውየው በአረፋ እንደተለቀለቀ በመስኮት “የሰው ያለህ!” ሲል ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅሁም። ወስጄ ያሳየሁት ሐኪም ደግሞ “አብራችሁ ልታደርጉት የምትመኙት ነገር ካለ አሁን አድርጉት” አለን። ይሄን ጫካና ተራራ አቋርጦ ባሕር የሚደርስ የተጓዦች መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር መጨረስ የልጅነት ምኞቱ ነበርና ፀጉር ቤቱን ዘግተን ወጣን። እኔ ሞኟ የሐኪሙን ቃል እንደ መድኃኒት ሰማሁት። በእግር መሄድ ጭንቅላት ይከፍታል አልኩ። አልከፈተም፣ እትዬ።

ኑሯችን እንዲህ ነው። ጠዋት እኔ በትንሿ ጋዝ ምድጃ አጃ እቀቅላለሁ፤ እሱ ድንኳኑን ነቅሎ ይጠቀልላል። እጁ ምንም አልረሳም፣ አሁንም ከእኔ ይፈጥናል። ከዚያ ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት እየተከተልን መሄድ ነው። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቀትር ላይ ብስኩት፣ ወንዝ ስናገኝ ውኃ መቅዳት፣ ካልሲ ሻንጣ ላይ ማስጣት። ዝናብ ሲመጣ መራገም፣ ሲሄድ ማመስገን።

ታዲያ አንድ ቀን ጅረት ስንሻገር እጄን ይዞ “ይጠንቀቁ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል” አለኝ። ቀልድ መስሎኝ “እሺ ጌታዬ” ብዬ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ “ውኃ ይጠጡ” አለ። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ “ይቅደሙ”። እትዬ፣ ቀልድ እንዲህ አይረዝምም። እኔ እርስዎን አንቱ የምልዎ ስለማውቅዎ ነው። እሱ እኔን አንቱ ያለኝ ስላላወቀኝ ነው።

መንገደኛው ግን አንቱታውን ወዶታል! “ሙሽሮቹ” ይሉናል። በካልሲ ሽታ ሳይቀር የሚጣሉ ሁለት ወጣት ፍቅረኛሞች አብረውን ይጓዙ ነበርና ልጅቷ እሱ ሻንጣዬን ሲያወርድልኝ ባየች ቁጥር ፍቅረኛዋን በክርኗ እየጎሸመች “አየህ? አየህ አይደል? ሚስት እንዲህ ነው የምትያዘው!” ትለዋለች። እኔም ጥርሴን ብልጭ አደርግላታለሁ። ምን ልበላት?

ቢቸግረኝ “ሚስትህ እኮ ነኝ” አልኩት። አልተቆጣም፤ አፈረ። “እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ” ብሎ የመኝታ ከረጢቱን ሰብስቦ ከድንኳኑ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚተኛው ደጃፍ ላይ ነው። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ “ሰው ምን ይላል?” ይለኛል። በዚያ ጫካ ሰው የታለ! አሁን እኔም አንቱ እለዋለሁ፤ አንተ ስለው ይደነግጣል።

መቀሱን ያለ እሱ ንቅንቅ አልልም ብሎ ይዞት ነው የወጣው። ባለፈው ማረፊያ ላይ ፀጉሬ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቢያስቸግረኝ ግንድ ላይ አስቀመጠኝና ፎጣ አንገቴ ላይ አሰረ። ከዚያማ እንደ ደንበኛ ያጫውተኝ ገባ። “ባለቤትዎ ምን ይሠራሉ?” አለኝ። “ፀጉር አስተካካይ ነው” አልኩት። “ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣዎት? ቢሰሙ ይቀየሙኛል!” ብሎ ከልቡ ሳቀ። “የእርስዎስ ባለቤት?” ብዬ ስጠይቀው መቀሱ ቀጥ አለ።

“እሷ ቀድማኝ ሄዳለች” አለ። “ፈጣን ናት፤ እግሯም ምላሷም። ትነዘንዛለች አልዋሽዎትም። ግን ቤት ስገባ ድምጿን ካልሰማሁ የሰው በር የከፈትኩ ይመስለኛል።”

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜም ለእኔ አላለኝም፤ ለደንበኛ ነው ያለው።

ለካ እንደዚያ የሚፈጥነው ሊደርስብኝ ኖሯል! ከወዲያ የሚመጣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር “ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገች ሴት አላያችሁም?” ይላል። ሰማያዊው ኮፍያ ራሴ ላይ ነው። ሰዎቹ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔ ከኋላው ሆኜ እንዳይነግሩት ራሴን ግራና ቀኝ እነቀንቃለሁ፤ “አላየንም” ብለው ያልፋሉ።

አውቶቡስ አሳፍሬ ልመልሰው ሞክሬ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ እጁን መንጭቆኝ “እሷን መንገድ ላይ ጥዬ? እርስዎ ቢሆኑ ይወዱታል?” አለኝ። ስለዚህ እንሄዳለን። ግን መንገዱ እያለቀ ነው፣ እትዬ። የሚያልቀው ባሕር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ “ትንሽ ብንፈጥን እንደርስባታለን” የሚባልበት መሬት የለም። ባሕሩ ዳር ሲቆም ግራ ቀኙን ያያል፣ ሰው የለም። ያኔስ ምን ይሆናል? ጠዋት አጃውን ሆን ብዬ አሳርሬ ደግሜ የምቀቅልበት ቀን አለ፤ ትንሽ እንድንዘገይ።

አበባ ይዘው መጨረሻው ላይ ሊቀበሉን እንደሚመጡ ጽፈዋል። ይምጡልን፤ አበባው ግን ይቅር። እርስዎን ያውቅዎታል፤ በልጅነቱ በጀርባዎ አዝለው ወንዝ ያሻገሩትን ሳያነሳ አይውልም። እኔን ግን እሱ ፊት “የወንድሜ ሚስት” ብለው እንዳይስሙኝ፤ ተማክረን የዋሸነው ይመስለዋል። መንገድ ላይ የተዋወቅኩ ሴት እንደሆንኩ ሆነው እጄን ይጨብጡኝ፤ ከፍቶኝ አልቀየምዎትም።

አሁን መስታወቱን አንኳኩቶ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። “ለእህትዎ” አልኩት። ደስ አለው። “ሰላም ይበሉልኝ” አለ። “ባለቤቴ እሷ ጋ ደርሳ እንደሆነም ይጠይቁልኝ።”

አደራ ነውና ጠይቄያለሁ። መልሱን ለእሱ ይጻፉለት።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣዎ፤ የሚያውቁትንም ሁሉ እስከ መጨረሻው የሚያውቁ ያድርግዎ።

የወንድምዎ ሚስት