የዮናስን መስኮት በሸራ ስለሸፈኑልን ለክብርት ሰብሳቢዋ የቀረበ ምስጋና

ለክብርት ወይዘሮ ሮዛሊንድ ፔንፎልድ
የአልድቸስተር ከተማ የጎብኚዎችና የቅርስ ቦርድ ሰብሳቢ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት የቦርዱ አባላትና ለመላው የአልድቸስተር ነዋሪ አንድ ከባድ መርዶ ላረዳ ግድ ሆኖብኛል። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ውስጥ፣ አንድ ትኩስ ስኮን የሚሉት የሻይ ዳቦ ከነጃሙና ከነክሬሙ ከጠረጴዛ ላይ ወድቋል። የወደቀው በጃሙ በኩል ነው። ነፍሱን ለማትረፍ የተደረገው ጥረት ሁሉ አልተሳካም። የአደጋው መንስኤ ጠረጴዛው እኔ ካሰብኩበት ቦታ ቀድሞ ማለቁ ሲሆን፣ ብቸኛዋ የዓይን ምስክር ባለቤቴ ቤሪል ናት። እሷም፣ «ክሊፍ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ስኮን ያልበላህ ይመስል ምን አንቀለቀለህ?» ከማለት በቀር የሰጠችው ቃል የለም።

ይህን ካረዳሁ በኋላ እንደ ወጉ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ ደህና ነውን? ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር አብዝቶ ይስጥዎ፤ የጀመሩት የመስኮት እድሳት ሲያልቅ ለማየት ብዙ ዕድሜ ያስፈልግዎታልና።

እኔ ክሊፎርድ ሄፕዎርዝ እባላለሁ። ዮርክሻየር ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ የሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌና የስድስት ልጆች አያት ነኝ፤ ስድስቱም አያታችን ነገረኛ ነው ይላሉ፣ አልተሳሳቱም። ከቤሪል ጋር የተጋባንበትን ሃምሳኛ ዓመት ለማክበር ቦርድዎ ያዘጋጀውን «የወርቅ ኢዮቤልዩ ጥንዶች ሽርሽር» ይዘን ወደ ታሪካዊቷ ከተማዎ መጥተን ነበር። የመጣነው በባቡር ነው። መኪናችንን በየካቲት ወር ሸጬዋለሁ። ቤሪል ምክንያቱን ስትጠይቀኝ፣ አልድቸስተር ውስጥ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ቀሪ ዕድሜዬን መጨረስ አልፈልግም ብያታለሁ።

እንግዲህ የተደረገልንን መስተንግዶ በቁጥር አስቀምጬ ላመስግን።

አንደኛ፤ ስለ ሆቴሉ። በራሪ ጽሑፋችሁ «ታሪካዊ ማረፊያ» ይለዋል፤ አልዋሸም። የፍራሹ ታሪክ እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ተጽፎ ይነበባል። ወለሉም ከመስኮቱ ወደ በሩ ስለሚያዘቀዝቅ የቤሪል የራስ ምታት ክኒን ከእጇ አምልጦ፣ ያለማንም እርዳታ በበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩን አቋርጧል። በማግስቱ በተሰጠን የእግር ጉብኝትም አስጎብኚው አንድ ንጉሥ ያደረበትን ቤት ያሳየን ጀመር። ከዚያም ያደረበትን ሌላ ቤት አሳየን። አሥራ አንደኛው ቤት ላይ ስንደርስ ቤሪል ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «እኔ የምለው ክሊፍ፣ ይኼ ሰውዬ የራሱ ቤት አልነበረውም እንዴ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ለቦርድዎ የታሪክ ክፍል ቢቀርብ መልካም ይመስለኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ራቱ። በካቴድራሉ በር ላይ «ጣሪያችን ያፈሳል፤ የጣሪያ ድንጋይ መግዣ ይርዱን» የሚል ሣጥን ቆሟል። እኔም ደግ ሰው ስለሆንኩ የአቅሜን ጣል አድርጌ፣ እነዚያ ድንጋዮች ወዴት ሄደው ይሆን እያልኩ ሳዝን ዋልኩ። ማታ በሽርሽሩ ውስጥ የተካተተው ምግብ ቤት ስንገባ ምሥጢሩ ተገለጠልኝ። ዓሣዬ በሳህን ፈንታ የቀረበልኝ በአንድ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑ በተሸረፈ የጣሪያ ድንጋይ ላይ ነው! ዙሪያዬን ብቃኝ በየጠረጴዛው አንድ አንድ አለ። ክብርት ሆይ፣ ከዚያ አዳራሽ ብቻ የካቴድራሉን ሰሜናዊ ክንፍ ማልበስ ይቻላል። ድንጋይ ደግሞ እንደ ሳህን ከንፈር የለውምና ወጡ ሸሚዜ ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚያግደው አላገኘም።

ዓሣው መሃሉ ቀዝቃዛ ነበር። ቤሪል ግን ምግቡን ሳይሆን የምግብ ዝርዝሩን ወደደችው፤ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ይህን ልማድ አድርጋዋለች፤ የቃላቱ ድምፅ ደስ ይለኛል ትላለች። አስተናጋጁ መጥቶ፣ «እንዴት ነው፣ ሁሉ ነገር ተስማማችሁ?» ሲለን እኛም እንደ ማንኛውም የእንግሊዝ ልጅ በአንድ ድምፅ፣ «በጣም ግሩም ነው፣ እናመሰግናለን» አልን። ያልበሰለ ዓሣ በአፍ ይዞ ግሩም ነው ማለት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። አባቴ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ እንዴት ነህ ያሉትን ሁሉ ግሩም ነኝ ሲል ቆይቶ በማግስቱ ሞተ። እኛ ቅሬታችንን በሰው ፊት አናወጣም፤ ቤታችን ገብተን፣ በር ዘግተን፣ ሻይ አፍልተን በጽሑፍ ነው የምናቀርበው። ይኸው እያቀረብኩ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ መስኮቱ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል።

የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ በሠርጋችን ማግስት፣ ዝናብ አባሮን ወደ ካቴድራሉ ስንገባ በምሥራቅ በኩል ያለውን ታላቁን ባለ ቀለም መስኮት አየን። ነቢዩ ዮናስና ዓሣ ነባሪው ያሉበትን ማለቴ ነው። እኔ ዓሣ ነባሪውን ሳደንቅ ቤሪል ታችኛው ጥግ ላይ፣ ከባሕሩ ሣር ሥር፣ አውራ ጣት የምታህል ፍጥረት አገኘች። «እንቁራሪት!» አለች። እኔ አይጥ ነው አልኩ። ክብርት ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሃምሳ ዓመት ተከራክረናል። ሦስት ልጆች ወልደን አሳድገናል፣ ሁለት ቤት ቀይረናል፣ ወላጆቻችንን ቀብረናል፤ እንቁራሪቷ ወይም አይጡ ግን ውሳኔ አላገኘም። ከተኳረፍን በኋላ የምንታረቀው በእሱ ነው። ከሁለታችን አንዳችን በዝምታው መሃል፣ «ለማንኛውም አይጥ ነው» ወይም «ለማንኛውም እንቁራሪት ናት» ካለ ኩርፊያው አልቋል ማለት ነው።

ዘንድሮ ለመምጣት የቸኮልንበትም ምክንያት አለ። የዓይን ሐኪሙ የቤሪል ዓይን መሃሉ እየደበዘዘ መሆኑንና ከገና ወዲያ ጥቃቅን ነገር ለማየት እንደማይበቃ ተናግሯል። ስለዚህ በራሪ ጽሑፋችሁ ሽፋን ላይ መስኮቱ እንዲያ አምሮ ሲታይ፣ ከመጨለሙ በፊት አንድ ጊዜ እንየው ብለን ተነሣን።

ደረስን። መስኮቱ የለም። በቦታው ከመሬት እስከ ጣሪያ የብረት መወጣጫ ቆሟል፤ መወጣጫው በሸራ ተሸፍኗል፤ ሸራው ላይ ደግሞ የመስኮቱ ፎቶግራፍ ታትሟል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። እድሳቱ አራት ዓመት እንደሚፈጅ ከሥሩ ተጽፏል አሉ። ይህን በበራሪ ጽሑፉ ላይ ባለመግለጻችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ደስታችንን ላለመስረቅ እንደሆነ አይጠፋኝም። ታችኛው ጥግም ቢሆን አልተረሳም፤ እንቁራሪቷ መኖር የነበረባት ቦታ ላይ የአንድ የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ቆመን ስንመለከት ቤሪል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝና፣ «ክሊፍ! ከዓሣ ነባሪው ሆድ ሰው ወጣ! ኧረ ቴርሞስ ይዟል!» አለችኝ። ለካስ የሠራተኞቹን መግቢያ የቀደዱት በዓሣ ነባሪው ሆድ በኩል ኖሯል። ዮናስ ለመውጣት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ፈጀበት፤ የእናንተው ሠራተኛ ግን ለሻይ ዕረፍት ብቅ አለ። ቤተ ክርስቲያን ከዘመኑ ጋር እንደምትራመድ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አራተኛው ስለ ሆቴሉ መጸዳጃ ቤት በር ነበር። ቤሪል ስንመለስ ገና ባቡሩ ላይ ሳለን፣ «እሱን ለሰው ካወራህ እፈታሃለሁ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። በሩ እንደማይዘጋ ግን ይወቁት።

አምስተኛ፤ ስለ ሰልፉ። ከሸራው አጠገብ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ተሰልፈው አየሁ። ቤሪል ጫማዋ ጠቧት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ሄጄ ተሰለፍኩ። የምን ሰልፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰልፍ ካለ መሰለፍ ነው እንጂ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ከፊቴ የነበረውም ሰው ስለ ዝናቡ እንጂ ስለ ሌላ አላወራኝም። ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ለጉንዳን ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። አርባ ደቂቃ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ የራስ ቁር በብብቷ ይዛ የቆመች ሴት ወረቀቷን እያየች፣

«ስምዎን ማን ልበል?» አለችኝ።

«ሄፕዎርዝ።»

«ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ?»

«ከሠላሳ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ» አልኳት።

ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። የመስታወት ጥገናው ኃላፊ ጆስሊን የምትባል ሴት ናት። «አባባ፣ ይኼ እኮ መወጣጫው ላይ ወጥተው መስታወቱን የሚያዩ ባለሙያዎች ሰልፍ ነው» አለችኝ። «ይኸው ተሰቅሏል፤ ምን ብለው ተሰለፉ ታዲያ?»

«ሰልፍ ስለነበረ።»

«የኔም አባት ልክ እንደ እርስዎ ነው» አለች። «አንዴ ፖስታ ቤት መስሎት ተሰልፎ ደም ለግሶ መጣ።»

እኔም የመጣንበትን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ ሃምሳውን ዓመትም፣ እንቁራሪቷንም፣ ዓይኑንም። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ብወስን ኖሮ አሁኑኑ አወጣችሁ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ስም የሚያስገባው ቦርዱ ነው። ሰብሳቢዋ ከፈረሙ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ሁለት ሰው እጨምራለሁ። መሰላል የለውም፣ ሊፍት አለን» አለችኝ። ወደ አግዳሚው ስመለስ ቤሪል፣ «የምን ሰልፍ ነበር?» አለችኝ። «ግሩም ሰልፍ ነበር» አልኳት።

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሽርሽሩ ዋጋ ይመለስልኝ አላልኩም፤ ስለ ስኮኑም ካሣ አልጠይቅም። ከገና በፊት ካሉት የወር መጨረሻ ዓርቦች በአንዱ፣ ለሩብ ሰዓት፣ ሁለት ስም ዝርዝሩ ላይ ይጨመርልን። ፊርማ ነው። አሥራ አንድ ቤት ያደረ ንጉሥ የምታስተዳድሩ ሰዎች ሁለት ሽማግሎችን ለሩብ ሰዓት ማቆም አያቅታችሁም።

ለከበረው ቦርድዎ፣ ለሸራው፣ ለጣሪያው ድንጋይና ለቀለም ፋብሪካው ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ዘመንዎ እንደ ሆቴላችሁ ፍራሽ የረዘመ፣ እንቅልፍዎ ግን ከእሱ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከሸራው ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ትሑት ጎብኚዎ፣
ክሊፎርድ ሄፕዎርዝ

ከፊርማው በታች የተጨመረ፤ ሐቀኛ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፈጠርኩትን አንዲት ነገር መናዘዝ አለብኝ። ስኮኑ በእርግጥ ወድቋል፤ ድንጋዩ ላይም በልቻለሁ፤ ዮናስም ቴርሞስ ይዞ ወጥቷል። የሚደበዝዘው ዓይን ግን የቤሪል አይደለም። የቤሪል ዓይን ካቴድራሉ ጫፍ ላይ ያለች ድንቢጥ ምን እንደበላች ይነግርዎታል። ዓይኑ የእኔ ነው። በመጋቢት ሐኪሙ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ሰማሁ፤ ቤት ስገባ ቤሪል «ምን አለህ?» አለችኝ፣ «ግሩም ነው አለኝ» አልኳት። ለአንዲት አሮጊት የሚራራ ቦርድ ለአንድ ነገረኛ የአውቶቡስ ሹፌር እንደማይራራ ስለማውቅ፣ ዓይኔን በእሷ ስም አስመዘገብኩት። ወጥቼ ካየሁ በኋላ እንቁራሪት ከሆነች አምናለሁ፤ በቤሪል ቃል ብቻ ግን አላምንም።

ደብዳቤዎቼን ከመላኬ በፊት የምታርምልኝ ቤሪል ናት። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ፣ «ዓይኔን ምን አገኘው?» ብላ ትጮኻለች፤ ከዚያ እያነበበች እስከዚህ ድረስ ትወርዳለች። ፊት ለፊቷ ልነግራት ሰባት ጊዜ ሞክሬ ሰባቴም ግሩም ነው ብያለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼላታለሁ፤ ሻዩን ጥጃለሁ፤ እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ እኔ ጓሮ ነኝ።