የሰማያዊዋ ጀልባ ማስታወቂያ

ኅዳር 3

ዛሬም ማስታወቂያ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሱሩር በእጃቸው ጽፈው እንድተይበው አመጡልኝ። የስብሰባ ቀን፣ የመረብ ዓይነት፣ የጽዳት ተራ፣ ሰማያዊዋ ጀልባ ወለሏ ስለተሰነጠቀ እንዳትነሳ... ሁሉም ባንድ ትንፋሽ። አራት ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ለያይቼ ጻፍኩት። የጀልባዋን ነገር ለብቻው ከላይ አድርጌ፣ እሱን ብቻ አደመቅኩት።

አዩትና ፊታቸው ጠቆረ። የቀረውን ማን ሊያነበው ነው? ሁሉንም አድምቂው፣ ከሥሩም አስምሪበት፣ ቃለ አጋኖም ጨምሪ አሉ። ጽሑፍ ካልጮኸ አስጋሪ አይሰማም ባይ ናቸው። ምን ልበል? አለቃ ናቸው... አደመቅኩት። ገጹ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ሐይቁ ዳር ዋርካው ላይ ለጠፍኩት።

ኅዳር 5

ነፋስ። ዓሣም የለም አሉ።

ኅዳር 6

ወጣቱ አስጋሪያችን ሀምዳን የሚሠራባት ጀልባ ተይዛበት፣ ሰማያዊዋን ይዞ ወጣ። መሽቷል። አልተመለሰም። ያ ረቢ...

ኅዳር 7

አገኙት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረ። የቀብር ዕድራችን፣ ቅሬው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ። አብሮ አደጉ ታረቀኝ ነገረኝ። ሀምዳን የወጣ ዕለት ጠዋት ማስታወቂያው ሥር አብረው ቆመው ነበር። "ያው የሁልጊዜው ቁጣ ነው ብለን አለፍነው" አለኝ።

ጋሽ ሱሩር አዘዙ። የጻፈው እጅ ግን የኔ ነው።

ኅዳር 11

ስለ ሀምዳን አሟሟት ለወረዳው ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ ጋሽ ሱሩር። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሳለ በእምቢተኝነት ወጥቶ... እምቢተኝነት? ሀምዳን? ትልቅ ሰው ሲያይ ከመንገድ የሚወርደው ልጅ? ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

እናቱ እትዬ ኢንሳፍ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወሬው ደርሷቸዋል።

"ፈሂማ፣ ልጄ እምቢ ብሎ ነው የሞተው?"

አብሽሩ፣ አይዞዎት አልኳቸው። ሰው ልጁን ከቀበረ በኋላ ስሙንም ይቅበር?

ኅዳር 12

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ማስታወቂያውን ከዋርካው ነቅዬ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። ስለ ጀልባዋ የሚለውን ያሳዩኝ አልኳቸው። ድፍረቱ ከየት መጣ?

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ከላይ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያዙ።

"እኔም አጣሁት" አሉ።

ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው።

ኅዳር 13

ደብዳቤው ወጣ። አጭር ነው። ከ«ጉዳዩ» በቀር የደመቀ የለውም። ጋሽ ሱሩር ፈረሙ። ቅጂውን ይዤ እትዬ ኢንሳፍ ቤት ስሄድ እሳቸውም ተከትለውኝ መጡ፤ ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

ለእትዬ ኢንሳፍ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ማስጠንቀቂያው ተለጥፎ ነበር። ሰው ሊያየው በሚችል መንገድ ግን አልተጻፈም። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው።

እትዬ ኢንሳፍ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ማንበብ አይችሉም። መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳለፉ።

"እምቢ አለ የሚለውስ የቱ ጋ ነው?"

"የትም የለም፣ እትዬ።"

ጋሽ ሱሩርን ቀና ብለው አዩዋቸው። እሳቸውም የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከቀብሩ ወዲህ እትዬ ኢንሳፍ እንባ ሲወጣቸው ያየሁት ገና ዛሬ ነው።