ላልጸለዩት ጸሎት የተመሰገኑት መጋቢ

መጋቢ ወንድሜ ከቧንቧ ሠራተኛ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ ዛሬ አንቱ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ብሳሳት ታገሡኝ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የአባታችንን ሙያ ያዙ። በ1976 ዓ.ም. የጎረቤታችንን ልጅ፣ ነርሷን፣ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። በ1988 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ስታጣ «ለሦስት ወር ብቻ ይያዙልን» ተባሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ያዙ። ሦስት ወር እንዲህ ከረዘመ ዓመት ቢሉማ ምን ሊሆን ነበር!

በ2003 ዓ.ም. አንዲት እናት ልጇ ታሞባት «መጋቢ፣ ይጸልዩልኝ» አለቻቸው። «እሺ» አሉና ረሱት። ልጁ ዳነ። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ «የመጋቢ ጸሎት ነው!» ስትል ቤቱ በአሜን ተናወጠ። ወንድሜ አላረሟትም። ምስጋናው እንደጣፈጣቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት መሄድ የነበረበት ሰው ሁሉ እሳቸው በር ላይ ተሰለፈ።

ጭንቅ ቢላቸው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እውነቱን ልናገር አሉ። «የሰዉን እምነት ሊያፈርሱ ነው እንዴ? ይተዉት!» ተባሉ። እንቢ ብለው መድረክ ላይ ወጡና «አልጸለይኩም፣ ረስቼው ነበር» አሉ። ጉባኤው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «እንዴት ያለ ትሕትና!» ብሎ አጨበጨበ። ኧረ ልጆቼ፣ ሰው ጥፋቱን ሲናገር ይጨበጨብለታል? በእሳቸውም እበሳጫለሁ፤ «አልገባችሁም» ብለው መድገም ሲገባቸው ተቀመጡ።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ «እትዬ፣ ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ያቺን ነገር እንዳትዘያት» አሉኝ። ትናንት ሽማግሌዎቹ ይህን የማነብላችሁን ወረቀት አይተው «ይቺ ለቀብር አትሆንም፣ እናውጣት» አሉ። አላወጣኋትም።

አንቺ እናት፣ እዚህ ካለሽ ስሚኝ፦ ወንድሜ አልጸለዩልሽም፤ ይቅር በያቸው። ልጅሽን ያዳነው እግዚአብሔር ነው፤ ስታለቅሺ ያደርሽውም አንቺው ነሽ።

መጋቢ ወንድሜ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። የልብ የሚያውቀው ጌታ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን። እናንተም በር ላይ ስትሰናበቱን «እንጸልይላችኋለን» የምትሉን፣ አደራ፣ ጸልዩልን።